ነፋስ ሲበረታ ዋጋው የማይወርድ ገበያ

በግ በፋሲካ ዋዜማ ይወደዳል፤ በማግስቱ ይረክሳል። ሽንኩርት መንገድ ሲበላሽ ይንራል፤ ምርት ሲገባ ይወርዳል። ገበያ ወቅትን ይከተላል የሚለው አባባል ከመርካቶ ነጋዴ እስከ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሚስማማበት ነው። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት የባሕር ዳርቻ ግን ለዚህ ደንብ እምብዛም የማይገዛ አንድ አገልግሎት አለ። አየሩ ረጋ በሚልበት በጥቅምትና ነፋሱ ሲያጉረመርም ውሎ በሚያድርበት በሚያዝያ የአብዛኞቹ ሻጮች የዋጋ ዝርዝር አንድ ነው።

አገልግሎቱ ደንበኛን በጀልባ አሳፍሮ ትራውትና ሬድፊሽ የሚባሉ ሁለት ዓሦችን በመንጠቆ እንዲያጠምድ መምራት ነው። አንድ ጀልባ ከነመሪው፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይዞ ለአንድ ቀን ሲወጣ፣ እንደ ቦታውና እንደ መሪው ስም በአብዛኛው ከ500 እስከ 900 ዶላር ይጠየቅበታል። ጉርሻው ከዚህ ውጭ ነው። ከፋዩ ያጠመደውን ዓሣ መሸጥ አይችልም፤ ሕግ ይከለክለዋል። ወደ ቤቱ ይዞ የሚገባውም በኪሎ ቢሰላ፣ በከተማው ሱፐርማርኬት በረዶ ላይ ከተደረደረው ከየትኛውም ዓሣ ይወደዳል። ነፋሱ የበረታ ዕለት ደግሞ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ታዲያ ይህ ሰው የገዛው ምንድን ነው?

ሂዩስተንና ዳላስ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ስለሆኑ፣ እዚያ ዘመድ ያለው አንባቢ ይህን ጥያቄ ከሩቅ አገር የመጣ አድርጎ ላያየው ይችላል። ከሂዩስተን እስከ ጋልቨስተን ያለው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የሥራ ባልደረባ «በሚያዝያ አብረን እንውጣ፤ ወጪውን ለሦስት እንካፈላለን» ሲል ግብዣው ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም መሐል ይውላል። ዓሣ በሁዳዴ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትተን፣ እኛ ወደ ሒሳቡ እንመለስ።

ስሙ አያሳስት

ትራውት ሲባል የባሌን ተራሮች የሚያውቅ ሰው ከኬንያ መጥቶ በወንዞቹ የተለቀቀውን፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወደውን ዓሣ ያስታውስ ይሆናል። የቴክሳሱ ግን ዝምድና የለውም። ጀርባው ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ስላለው ስሙን ተዋሰ እንጂ፣ የጨው ውሃ ዓሣ ነው፤ የሥጋ ዘመዱም ሬድፊሽ ነው። ሁለቱም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚመደቡ ናቸው። ሬድፊሽ መዳብ የመሰለ ቀይ ሲሆን ከጅራቱ ሥር ዓይን የሚመስል ጥቁር ነጥብ አለው። ለጋ በሆነባቸው በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ዓመታት በወሽመጦቹ ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይወጣና አሥርት ዓመታት ይኖራል። ትራውት ግን ዕድሜው አጭር ነው፤ ዕድሜ ልኩንም በአብዛኛው ከወሽመጥ አይርቅም።

ለገበያው ወሳኙ ልዩነት አመጋገባቸው ነው። ትራውት የሚያድነው በዋናነት በዓይኑ ስለሆነ የጠራ ውሃ ይፈልጋል። ሬድፊሽ አፉን ወደ ታች አድርጎ ጭቃውን እያሰሰ ክራብና ሽሪምፕ ይለቅማል፤ በማሽተትም ስለሚመራ ውሃው ቢደፈርስ ብዙም አይጨነቅም። ነፋስ በመጣ ጊዜ ካፒቴኑ ዕቅዱን የሚለውጠው ይህን ልዩነት ይዞ ነው።

ነፋሱ ከየት ይመጣል?

ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ባሉት ወራት በአትላንቲክ በኩል ከፍተኛ የአየር ግፊት ይቀመጣል። በምዕራብ ቴክሳስና በሰሜን ሜክሲኮ ደረቅ ምድር ላይ ደግሞ ዝቅተኛ ግፊት ይፈጠራል። አየር ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ይሮጣል፤ መንገዱም በቴክሳስ ዳርቻ ላይ ነው። ከቀትር በኋላ የብሱ ከባሕሩ ይበልጥ ሲሞቅ ግፊያው ይጨምራል። ስለዚህ በሰዓት ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር የሚገሠግሥ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ለቀናት ሳያቋርጥ ቢነፍስ የአካባቢው ሰው አይደነቅም። በመሐሉም ከሰሜን ቀዝቃዛ አየር ሰብሮ ይገባና ነፋሱ በአንድ ጊዜ ይገለበጣል፤ ውሃውን ከወሽመጡ ወደ ባሕር ይገፋዋል። ትናንት ጀልባ የሄደበት ቦታ ዛሬ ጭቃ ሆኖ ይገኛል።

የቴክሳስ ወሽመጦች ሰፊ ናቸው እንጂ ጥልቅ አይደሉም። የጋልቨስተን ወሽመጥ በአማካይ ሁለት ሜትር ገደማ፣ ከኮርፐስ ክሪስቲ ደቡብ እስከ ሜክሲኮ ድንበር አቅራቢያ የሚዘረጋው ላጉና ማድሬ ደግሞ አንድ ሜትር ገደማ ቢሆኑ ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ ላይ ውሃውን ከፍና ዝቅ በማድረግ ከጨረቃ ይልቅ ነፋስ ይበልጥ ጉልበት አለው። ማዕበሉ ከሥር ያለውን ጭቃ በቀላሉ ያነሳል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወሽመጡ የወተት ሻይ ይመስላል።

ሁሉም ቦታ ግን እኩል አይደፈርስም። ከባሕሩ ፊት ለፊት እንደ ግድብ የተጋደሙ ረጃጅምና ቀጫጭን የአሸዋ ደሴቶች አሉ፤ ከእነዚህም ፓድሬ ደሴት ዋነኛው ነው። የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ በእነዚህ ደሴቶች ላይ አልፎ ስለሚመጣ፣ በስተጀርባቸው ያለው የወሽመጡ ደቡባዊ ዳርቻ ይጠለላል። ማዕበሉ የሚያድገው ነፋሱ ክፍት ውሃ ላይ በተጓዘ መጠን በመሆኑ፣ በወዲያኛው ሰሜናዊ ዳርቻ ግን ሰው ይመታል። የባሕር ሣር የበቀለበት ቦታም ሥሩ አፈሩን ስለሚይዘው ቶሎ አይደፈርስም። ለትልልቅ መርከቦች መተላለፊያ ቦይ ሲቆፈር የወጣው አፈር የተከመረባቸው ትናንሽ ደሴቶችም እንደ አጥር ያገለግላሉ።

ወደ መጠለያው ለመድረስ ግን ያልተጠለለውን ውሃ ማቋረጥ ግድ ነው። ደንበኛው ጠዋት በ12 ሰዓት ገደማ ከአፍንጫው እስከ ጫማው በጨው ውሃ የሚነከረው ያን ጊዜ ነው። የዝናብ ልብስ ሳይዝ የመጣ የከተማ ሰው የቀኑን የመጀመሪያ ትምህርት በነፃ ያገኛል።

ካፒቴኑ ምን ይሸጣል?

መሪውን ደንበኞች «ካፒቴን» ይሉታል። ስሙ የአክብሮት ብቻ አይደለም። ገንዘብ የሚከፍል ሰው በጀልባ ለማሳፈር የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ የሚሰጠው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ለዚህም 360 ቀን በውሃ ላይ መዋሉን ማስረዳት አለበት። ተራው ፈቃድ እስከ ስድስት ከፋይ ሰው ያስጭናል። ግዛቱም የራሱን የመሪነት ፈቃድ ያስከፍላል። ጥልቀት በሌለው ውሃ የሚሄድ ጀልባ፣ ሞተሩና ተጎታቹ ሲደመሩ በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ካፒታል ናቸው፤ ጨው ደግሞ በየቀኑ ይበላቸዋል።

ነፋሱ ባለበት ቀን ካፒቴኑ የሚሠራውን ላየ ሰው ዋጋው ለምን እንደማይወርድ ይገባዋል። ከመነሻው በፊት የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ ጀልባውን ውሃ የሚያስገባበትን ወደብ ይለውጣል፤ ለደንበኛው ማታ የነገረው ቦታ ጠዋት ሌላ ሊሆን ይችላል። ውሃ ላይ ሲደርስ የሚፈልገው የጠራውና የደፈረሰው የሚገናኙበትን መስመር ነው። ትራውት በጠራው በኩል ጠርዙን ይዞ፣ ከጭቃው የሚወጡ ትናንሽ ዓሦችን ይጠብቃል። ጀልባው በነፋስ እየተገፋ ቶሎ እንዳያልፍ ከጎኑ የሸራ ከረጢት ውሃ ውስጥ ይጥላል፤ ከረጢቱ ውሃ ሞልቶ እንደ ፍሬን ይይዘዋል። ክሩ ላይ ደግሞ ሲጎተት የሚንጫጫ ተንሳፋፊ ያስራል። በሚረበሽ ውሃ ዓሣው ማጥመጃውን ባያየው እንኳ ድምፁን ሰምቶ ይመጣል። ይህም ካልሆነ ደንበኞቹን ከጀልባ አውርዶ ከጉልበት እስከ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ በእግር ያስኬዳቸዋል። እግር እየተነሳ አይደለም፣ እየተጎተተ ነው፤ አሸዋው ውስጥ የሚተኛውና ጅራቱ መርዝ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ ተረግጦ እንዳይናደፍ።

ትራውቱ ከጠፋ ካፒቴኑ ግትር አይሆንም። ወደ ደሴቶቹ ጀርባ፣ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ወደሚቀርባቸው ኩሬዎች ገብቶ ሬድፊሽ ይፈልጋል። ጅራቱ ከውሃ በላይ ወጥቶ ሲወዛወዝ በዓይን የሚታይበት ጊዜ አለ።

በረጋ የጥቅምት ጠዋት ጀልባ ያለው ሰው ሁሉ ዓሣ ሊያገኝ ይችላል፤ ወፎች ውሃ ላይ ሲረባረቡ አይቶ መከተል ይበቃል። ያን ዕለት የካፒቴኑ ዕውቀት ከጎረቤቱ ዕውቀት እምብዛም አይበልጥም፤ ደንበኛው በአብዛኛው የሚከራየው ጀልባውን ነው። በሚያዝያ ነፋስ ግን ጀልባ ብቻውን ምንም አይፈይድም። የወሽመጡ አብዛኛው ክፍል ከጥቅም ውጭ ሲሆን፣ የቀረችውን ትንሽ የተጠለለች ቦታ የሚያውቅ ሰው ዋጋ ይጨምራል። እንግዲህ ነፋሱ አንዱን ነገር ሲያረክስ ሌላውን ያስወድዳል፤ ሁለቱ ተጣፍተው ዋጋው ባለበት ይቆማል። ትልልቆቹ ትራውቶች እንቁላል ይዘው ወደ ዳርቻ የሚቀርቡት በዚሁ ወቅት መሆኑና የአሜሪካ ተማሪዎች የመጋቢት ዕረፍትም ፈላጊ ማብዛቱ ይህንኑ ያግዛል።

ቀብዱ የማን ነው?

ችግሩ ያለው ዋጋው ላይ ሳይሆን ኪሳራውን ማን ይሸከም በሚለው ላይ ነው። ለስሌት እንዲመች የቀን ዋጋው 700 ዶላር ነው እንበል። ለቤንዚን፣ ለሕይወት ላለው ሽሪምፕ፣ ለበረዶና ለልዩ ልዩ 200 ይውጣ። ካፒቴኑ በሚያዝያ 24 ቀን ተይዞለት ስድስቱን ነፋስ ቢወስድበት 3,000 ዶላር ጎደለበት ማለት ነው። የጀልባው ብድርና ኢንሹራንሱ ግን ነፋስ አያውቁም። የተሰረዘውን ቀን ወደ ሌላ ጊዜ አዛውራለሁ ቢል፣ የሚያዛውርበት ባዶ ቀን መኖር አለበት። የትናንት እንጀራ ፍርፍር ይሆናል፤ ያልተሸጠ ቀን ግን ምንም አይሆንም።

የደንበኛውም ኪሳራ ቀላል አይደለም። ከሳን አንቶኒዮ ወይም ከሂዩስተን ለመምጣት ከሥራ ፈቃድ ወስዷል፤ ሆቴል ይዟል፤ ቀብድ ከፍሏል። በአካባቢው የተለመደው ውል እንዲህ ነው፤ ካፒቴኑ ራሱ በአየሩ ምክንያት ከሰረዘ ቀብዱ ይመለሳል ወይም ለሌላ ቀን ይያዛል፤ ደንበኛው በመጨረሻው ሰዓት ከቀረ ግን ቀብዱን ያጣል። ነፋስ ብቻውን እንደ መሰረዣ ምክንያት አይቆጠርም፤ ጉዞው ለሕይወት አስጊ ነው ካልተባለ በቀር።

አስጊ ነው አይደለም ብሎ የሚወስነው ደግሞ ካፒቴኑ ነው። በዚህ ጊዜ ነገሩ ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ የተማርነውን ይመስላል። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ዝነኛ ጥናት፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ገበያው ሊበላሽ እንደሚችል አሳይቷል፤ ለዚህ ሥራውም በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ካፒቴኑ ነገ ወሽመጡ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ የከተማው ደንበኛ አያውቅም። ቀኑ ከንቱ እንደሚሆን እያወቀ «ና፣ እንሞክራለን» ቢለው የሚያጋልጠው የለም። ስድስት ቀን ጎድሎበት የባንክ ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ ይህን ለማለት ምክንያት አለው።

ገበያው እስካሁን ያልፈረሰው ደንበኛው ተመላላሽ በመሆኑ ነው። በቴክሳስ ዳርቻ ያሉት የዓሣ ከተሞች፣ ሮክፖርትም ሆነ ፖርት ማንስፊልድ፣ ትናንሽ ናቸው፤ ወሬ ቶሎ ይዞራል። አንድ ካፒቴን ማታ ስልክ ደውሎ «ነገ ገንዘብህን አታባክን፤ ሐሙስ ይሻላል» ሲል የዛሬን 500 ዶላር ከፍሎ ለአሥር ዓመት የሚመላለስ ደንበኛ ይገዛል። ይህ ጸሐፊ የሚያምነው፣ በዚህ ሥራ የካፒቴን ጥራት የሚለካው በተሳካለት ቀን ፎቶግራፍ ሳይሆን በሰረዛቸው ቀኖች ነው። ፎቶግራፉን ግን ሁሉም ይለጥፋል፤ የሰረዛቸውን ቀኖች የሚለጥፍ የለም።

ዓሣው ከገበያ የወጣበት ዓመት

ይህ ሁሉ ንግድ የቆመው በአንድ ሕግ ላይ ነው። እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ትራውትና ሬድፊሽ በመረብ እየተሰገሩ ለምግብ ቤቶችና ለዓሣ ነጋዴዎች ይሸጡ ነበር። ቁጥራቸው መመናመኑ የታያቸው መንጠቆ አጥማጆች እ.ኤ.አ. በ1977 ሂዩስተን ውስጥ ማኅበር አቋቋሙ። ከብዙ ውዝግብ በኋላ በ1981 የቴክሳስ ምክር ቤት ሁለቱን ዓሦች የመዝናኛ ዓሣ ብሎ ፈረጃቸውና ከግዛቱ ውሃ የተያዙትን መሸጥ ከለከለ። በአሥር ዓመቱ ማለቂያ ላይም መረቡ ራሱ ከወሽመጦቹ ታገደ።

ሕጉ በወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የኒው ኦርሊንስ ወጥ ቤት ጌታው ፖል ፕሩዶም በቅመም ለውሶ በጋለ መጥበሻ ላይ የሚያጠቁረው ሬድፊሽ በመላ አሜሪካ ፋሽን ሆነ። ፍላጎቱ እንደ ሰደድ እሳት ሲነሳ መርከቦች በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ያለውን ትልልቅ ወላጅ ዓሣ ይዝቁት ጀመር። ፌዴራሉ መንግሥት በ1980ዎቹ አጋማሽ ጣልቃ እስኪገባ ድረስ አንድ የምግብ አዘገጃጀት አንድን የዓሣ ዘር ሊያጠፋ ደርሶ ነበር። ቴክሳስ አስቀድማ በሯን ባትዘጋ ኖሮ በወሽመጦቿ ውስጥ ምን ይተርፍ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ዛሬ ምግብ ቤት ገብቶ ሬድፊሽ የሚያዝ ሰው የሚቀርብለት በአብዛኛው በኩሬ የረባ ነው።

ለኢኮኖሚስት ዓይን ሕጉ ሀብትን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዛወረ ነው። አንድ ሬድፊሽ በመረብ ሲያዝ የኪሎ ዋጋውን ብቻ ያወጣ ነበር። አሁን ግን ያው ዓሣ የካፒቴን፣ የቤንዚን፣ የሆቴልና የቁርስ ቤት ገቢ ይስባል፤ ከተለቀቀም ነገ እንደገና ይሸጣል። ሒሳቡ ለዳርቻው ከተሞች ጠቅሟል ቢባል ስሕተት አይሆንም። መረብ በመጣል ልጆቹን ያሳደገው ሰው ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም፤ ኪሳራው የእሱ፣ ትርፉ የሌላው ነው። በድምር ትርፍ ማስተማር የለመድን ይህን ጉዳይ ቶሎ እናልፈዋለን።

መንግሥትም በሽያጩ እገዳ ብቻ አልቆመም። በኮርፐስ ክሪስቲ ከአጥማጆቹ ማኅበርና ከኤሌክትሪክ ኩባንያ ጋር ሆኖ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የዓሣ ማራቢያ አቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ ከግዛቱ ማራቢያዎች በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የሬድፊሽ ጫጩቶች ወደ ወሽመጦቹ ተለቀዋል።

ሆኖም ተፈጥሮ ሌላ ሒሳብ አላት። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስን ያጨለመው ውርጭ ጥልቀት የሌለውን ውሃ በአንድ ጊዜ አቀዘቀዘው። የግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በግምት 3.8 ሚሊዮን ዓሣ መሞቱን አስታወቀ፤ ከእነዚህም 160,000 ያህሉ ትራውት ነበሩ። ከሁሉ የተጎዳው ላጉና ማድሬ ነው። ሬድፊሽ ቅዝቃዜን የተሻለ ስለሚቋቋም ብዙም አልተነካም።

ከዚያ በኋላ የመጣው የመጠን ገደብ የገበያውን ጠባይ ከሁሉ ይበልጥ ያሳያል። በጋልቨስተን በኩል እስከ 2019 ድረስ አንድ ሰው በቀን 10 ትራውት መያዝ ይችል ነበር፤ በዚያ ዓመት 5 ሆነ። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በመላው ዳርቻ 3 ብቻ ሲሆን፣ ርዝመቱም ከ15 እስከ 20 ኢንች፣ ማለትም ከ38 እስከ 51 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ የሚበልጡት እናት ዓሦች ይለቀቃሉ፤ በጣም ትልቅ ለሆነች ለአንዷ ብቻ ልዩ ምልክት ይሰጣል። ሬድፊሽም 3 ነው፤ ከ20 እስከ 28 ኢንች። ካፒቴኑ የሚያጠምደው ለደንበኛው ድርሻ አይደመርም፤ ሕጉ የመሪውን ድርሻ ከጀልባው ይቀንሳል።

እንግዲህ ሦስት ደንበኛ ይዞ የሚወጣ ጀልባ በ2018 እስከ 30 ትራውት ይዞ ይመለስ የነበረ፣ አሁን ዕድል ሙሉ በሙሉ ቢቀናው 9 ይዞ ይመለሳል። ደንበኛው የሚገዛው ሥጋ ቢሆን ኖሮ ዋጋው ወደ ሢሶው በወረደ ነበር። አልወረደም።

ቀብድ ሊልክ ያሰበ አንባቢ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ። ነፋሱ ስንት ሲደርስ ነው የሚሰርዙት? ቀኑ ቢዛወር እስከ መቼ ይያዝልኛል? ከነፋሱ ለመሸሽ ወደብ ከቀየሩ ተጨማሪ ያስከፍሉኛል? በቁጥር የሚመልስ ካፒቴንና «አየሩን እናያለን» የሚል ካፒቴን ዋጋቸው አንድ ሊሆን ይችላል። የማጥመጃ ፈቃዱን ደንበኛው ራሱ ይዞ ይመጣል፤ የዝናብ ልብሱንም እንዲሁ።